ነፋስን ለከለከሉልን ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ መዝገቡ፣
የ«ሰላም ማዕድ» የአረጋውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፣
አዲሰን፣ ቴክሳስ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሩ በተዘጋ፣ መስኮቱ በተቆለፈ፣ መጋረጃው በወረደ ክፍል ውስጥ፣ ከየትኛውም አቅጣጫ ሽው የሚል አየር ሳይነካዎ፣ በፍጹም ጤንነት እንደሚያገኝዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለቤትዎና ልጆችዎም እንዲሁ ታሽገው ይቆዩልን። እኛ ሳክሲ ከተማ ያለነው ሙቀቱ ከመቶ አምስት ፋራናይት አልወርድ ብሎን፣ አስፋልቱ ጫማችንን እየያዘብን፣ ግን በእርስዎ አመራር ከነፋስ ተጠብቀን፣ ደህና ነን።

ስሜ ባስልዮስ ይባላል። የማኅበሩ ቫን የመጨረሻ ወንበር ላይ፣ በግራ ጥግ፣ ጋቢ ለብሳ የምትቀመጠው የወ/ሮ ዓለምጌጥ ልጅ ነኝ። ጉዳዩን በግል ላዋይዎ ብዬ ቀደም ሲል የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ነፋስ እንዳይገባ የፖስታ ሳጥንዎንም አሽገውት ይሆናል ብዬ፣ ይህችን በማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። እናቴ በስልኳ ከመደወል ሌላ ምንም ስለማትሠራበት አታነበውም። የግሩፑን አባላትም በትሕትና የምለምነው፣ ምክንያቱን እታች እስከምነግራችሁ ድረስ ማንም እንዳያነብላት ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የማይሆን ነገር የማመን መብት ላይ ምንም ተቃውሞ የለኝም። እኔ ራሴ ግድግዳ የሞላ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰውዬ፣ ማስቲካ ድንገት የዋጥኩ ቀን አንጀቴ ተጣብቆ የቀረ እየመሰለኝ እስከ ማታ ሆዴን ሳዳምጥ እውላለሁ። ጎረቤቴ ነጋ ኢንጂነር ነው፣ ድልድይ ይሠራል፤ ማታ መኪና ውስጥ የውስጡን መብራት ማብራት በሕግ የተከለከለ ነው ብሎ ስለሚያምን ግን፣ ባለቤቱ ቦርሳዋን በጨለማ እየዳበሰች ዕድሜዋን ጨረሰች። የሐብሐብ ፍሬ ሆድ ውስጥ ይበቅላል ብለው የሚተፉ አያቶች አውቃለሁ። እነዚህ ሁሉ ማንንም አይጎዱም፤ ከነጋ ባለቤት በቀር።

የእኛ ነፋስ ግን ሌላ ነው። ሁለት መስኮት ትይዩ ከተከፈተ መሐል ላይ ያለው ሰው ይመታል፤ ፊቱ ይጣመማል፣ ጎኑን ይወጋዋል፣ ከባሰም ይሞታል። ይህን እውቀት ከአውቶቡስ ወንበር ላይ ተምረን፣ ውቅያኖስ አሻግረን፣ ሳንፈተሽ ይዘነው ገብተናል። ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቢሮ የማሽን ነፋስ እየተነፈሰ የሚኖረው የዚህ አካባቢ ሚሊዮን ሕዝብ ለምን እስካሁን ተጠራርጎ እንዳላለቀ ጠይቀን አናውቅም። ያልጠየቅነውም የሚጠይቅልን ሐኪም ስላለን ነው።

ወደ ምስጋናዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ሕክምና ሥልጣንዎ አመሰግናለሁ። አገር ቤት ሳሉ በትልቅ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን ማገልገልዎን ሁሉም ያውቃል። ያገለገሉበት ክፍል ንብረት ክፍል እንደነበረ፣ በእጅዎ ሲያልፍ የኖረውም አልጋና ብርድ ልብስ እንጂ በሽተኛ እንዳልነበረ የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። እናቶቻችን «ሐኪማችን» ሲሉዎ «አዎ ነኝ» ብለው አያውቁም፤ ለዚህ ሐቀኝነትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። «አይደለሁም» ብለውም አያውቁም፤ ይህንንም ትሕትና ብዬ መዝግቤዋለሁ።

ሁለተኛ፣ በቫኑ ውስጥ መስኮት እንዳይከፈት፣ ኤሲም እንዳይበራ ስላወጡት መመሪያ። ሾፌራችን ታዲዮስ ሳምንቱን ሙሉ ለኑሮው ሲነዳ ከርሞ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አረጋውያኑን ከሳክሲና ከጋርላንድ ሰብስቦ አዲሰን ወዳለው አዳራሻችን የሚያመጣው በበጎ ፈቃድ ነው። በግንቦት መመሪያውን ጥሶ ኤሲውን ትንሽ ስላበራ ከእርስዎ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። ስጠይቀው የመለሰልኝን እንዳለ ላስቀምጠው፦

«ጋሽ ባስልዮስ፣ እኔ ምን ላድርግ? ኤሲ ኦን ሳደርግ አንደኛዋ እናት ‹ገደልከን!› ይላሉ፣ ሌላዋ ነጠላቸውን ቀዳዳው ላይ ይወትፉታል። ማታ ደግሞ ጋሽ መዝገቡ ኮል አድርገው ይቆጡኛል። ሶ፣ ተውኩት። ማለቴ፣ እኔም እኮ በላብ ተጠምቄ ነው የምነዳው።»

በሐምሌ በአንዱ ቅዳሜ ይኸው ታዲዮስ ለአዳራሹ የታዘዘ ዳቦ ለመውሰድ ጋርላንድ አንድ ገበያ ፊት ለፊት ፓርክ አደረገ። ሞተሩን አጠፋ። መስኮት ከፈት አድርጌ ልሂድ ቢል «ዝጋ አንተ ልጅ!» ተባለ። ዘጋ። ዳቦው አልበሰለም ነበርና ቆየ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩኝ ከእናቴ ፊት ለፊት ተቀምጠው የነበሩት ወ/ሮ ዕፀገነት ናቸው። አንዲት አሜሪካዊት የገበያ ጋሪዋን እየገፋች ስታልፍ ወደ ቫኑ ውስጥ አየችና ቆመች። መስታወቱን አንኳኳች። ወ/ሮ ዕፀገነት ፈገግ ብለው እጃቸውን አውለበለቡላት። ሴትዮዋ በሁለት እጇ ደበደበችው፤ እሳቸውም በሁለት እጃቸው አውለበለቡላት። «እንዴት ያለች ሰው ወዳድ ናት እያልኩ» ብለውኛል። ሰው ወዳዷ ስልኳን አውጥታ ደወለች።

እሳት አደጋዎቹ ሲደርሱ አንደኛው የጎኑን በር ስቦ ከፈተው፤ ሁለተኛው በወዲያኛው ወገን ዞሮ የሾፌሩን በር ከፈተው። ክቡር ሆይ፣ ትይዩ! ከውስጥ የተነሣው ጩኸት ከባድ ስለነበር እሳት አደጋዎቹ የደስታ ለቅሶ መስሏቸው «ኦኬ፣ ኦኬ» እያሉ ያጽናኑ ነበር አሉ። የሚጮኸው ግን «ዝጋው! ዝጋው!» ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጉልበታቸው የደከመ እናቶች፣ ሊያድናቸው ከመጣ ጎልማሳ እጅ በሩን ለመንጠቅ ይታገሉ ነበር።

ያልጮኸች አንዲት ብቻ ነበረች። በመጨረሻው ወንበር፣ በግራ ጥግ፣ ጋቢዋን እስከ አገጯ ተጠቅልላ፣ ላቧ ቆሞ፣ ቆዳዋ እንደ ምጣድ ግሎ፣ የሰውየው ጣቶች አንገቷ ላይ ትርታ ሲፈልጉ ያላወቀች አንዲት እናት። የእኔ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሆስፒታሉ። ዶክተሯ በስልክ አስተርጓሚ በኩል ለእናቴ እንዲህ አለቻት፦ በሽታሽ ሙቀት ነው፤ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ አናገኝሽም ነበር፤ ከእንግዲህ ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ካልሆነ መኪና አትግቢ። አስተርጓሚው የት ከተማ እንደሚቀመጥ አላውቅም፤ በጥሩ አማርኛ፣ አንድም ቃል ሳያጎድል ተረጎመው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከራሱ ጨመረበት፦ «እማማ፣ እንደው ግን ከነፋሱም ይጠንቀቁ።»

እናቴ ከሁለቱ ንግግር የያዘችው የትኛውን እንደሆነ እርስዎ አያጡትም። ነፍሷ መለስ ሲል የመጀመሪያ ቃሏ፣ «ያ ቀይ ሰውዬ ግራና ቀኝ ሲከፍተው ነው የመታኝ» የሚል ነበር። ከዚያ በፊትስ? ስላት፣ «ከዚያ በፊትማ ደህና ነበርኩ፤ እንቅልፍ ብቻ ነው የያዘኝ» አለችኝ። ልብ ይበሉልኝ ክቡር ሆይ፤ ሊገድላት የነበረው ነገር እንቅልፍ ሆነ፣ ያተረፋት በር ገዳይ ሆነ።

በዚህ ሰዓት ነበር እርስዎ ብርቱካን ይዘው የመጡት። ለጉብኝቱ ከልቤ አመሰግናለሁ። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ ከግድግዳው ቀዝቃዛ አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ በሆስፒታሉ ፎጣ ሲሸፍኑት ነርሷ ደርሳ አነሣችው፤ ስትወጣ መልሰው ሸፈኑት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ «ዓለምዬ፣ ያ በር ባይከፈት ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» አሏት። እናቴ በሁለት ቀን ውስጥ የመጀመሪያውን ፈገግታ ፈገግ ያለችው ያኔ ነው። ዞራ አየችኝ፤ «ሰማህ?» የሚል አስተያየት ነበር። ሰማሁ።

በቀጣዩ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ያስነገሩት ውሳኔም ደርሶኛል፦ የቫኑ የኤሲ ቀዳዳዎች በሙሉ በፕላስተር እንዲታሸጉ፣ መስኮቶቹ እንዲቆለፉ፣ በሮቹም በድንገተኛ አደጋ ጊዜ ጭምር አንድ በአንድ እንጂ ባንዴ እንዳይከፈቱ። ጭብጨባው ረጅም እንደነበር ሰምቻለሁ። ያጨበጨቡት ከሞት ያመለጡት ራሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ እውነቱን ለምን አልነግራትም ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። ነግሬያታለሁ። እናቴ አገሯን ጥላ ወደ ሱዳን የወጣችው በክፍት የጭነት መኪና ጀርባ ላይ፣ ከጆንያ ጋር ታስራ፣ ከአራቱም ማዕዘን ነፋስ እየገረፋት ነው። ይህን አስታወስኳት፤ ያኔ ለምን አልመታሽም? አልኳት። ለአፍታ እንኳ አላሰበችም።

«ያ የእግዜር ነፋስ ነው። ይሄ የማሽን ነው።»

ልጄ ኤልዳናም ሞክራለች። ኤልዳና ዴንተን ከተማ ነርሲንግ ስትማር ኖራ አሁን ጨርሳለች፤ አማርኛዋ እዚህ ያደገ ልጅ አማርኛ ነው። አያቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ፣ «አያቴ፣ ዊንድ ሰው አይገድልም። ሂት ነው ይገድላል። እኔ ኤግዛም ላይ መጥቶልኛል፣ ፓስ አድርጌያለሁ» አለቻት። እናቴ ጉንጯን ሳመቻትና፣ «የኔ ጌጥ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ሐኪሙ ያለው ይበልጣል» አለቻት። ልጄ ቀና ብላ «ዳዲ፣ ሐኪሙ ማነው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት ነበር? የአልጋና የብርድ ልብስ ኃላፊ?

አራተኛውና የመጨረሻው፣ ደብዳቤዬን ያስጻፈኝ እሱ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የኤልዳና ምረቃ ነው። የማኅበሩ እናቶች የአያቷን ደስታ ሊካፈሉ በቫኑ እስከ ዴንተን እንዲሄዱ ስለፈቀዱልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጋርላንድ ላይ የሆነው የሆነው ከቤቷ ብዙም ሳትርቅ ነው። ዴንተን ሩቅ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት መንገዱ ይቆማል፤ ትንበያውም ከሐምሌው ቅዳሜ የባሰ ነው። ይኸው ቫን፣ ይኸው ወንበር፣ ይኸው ጋቢ። ልዩነቱ አሁን ቀዳዳዎቹ ታሽገዋል።

በእኔ መኪና ላድርስሽ ብዬ ለምኛታለሁ። «ያንተ መኪና ፍሪጅ ነው፤ አልገባም» አለች። ኤሲውን አጥፍቼ በሙከራ ትንሽ መንገድ ሄድን፤ እኔው ዓይኔ ሲጨልምብኝ መስኮት ነካ ባደርግ «ዝጋ!» ብላ የመኪናውን በር ከፍታ ልትወርድ ነበር፣ መኪናው እየሄደ። እንግዲያው ቅሪ እንዳልላት፣ ለዚህ ቀን ስትል ነው ያን ሁሉ ዓመት የኖረችው፤ ቀሚሷን ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላዋለች፣ ሳልፍ ሳገድም ያየኛል። ዶክተሯ ደግሞ ስትሸኘን ለእኔ ለብቻዬ የነገረችኝ አለ፤ ልቧ ሁለተኛውን ጊዜ አይችለውም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ተሸንፌያለሁ። መጽሐፎቼ፣ ዶክተሯ፣ የልጄ ኤግዛም፣ ሁላችን ተደምረን ብርቱካን ከያዘው እጅዎ አልበለጥንም። ከእርስዎ የምለምነው እውነቱን እንዲነግሯት አይደለም። እውነቱን ከእርስዎ አፍ ብትሰማው እንኳ አመመዎ ብላ ነው የምትጸልይልዎ። የምለምነው አንድ ተጨማሪ ውሸት ነው።

እስከ ዓርብ ማታ ይደውሉላትና እንዲህ ይበሉልኝ፦ «ዓለምዬ፣ ነፋስ የሚመታው ከጎንና ከኋላ ሲመጣ ነው። ከፊት ለፊት፣ በቀዳዳ ተጣርቶ የሚወጣው ግን ነፋስ አይባልም፤ ደም ያዘዋውራል፤ ሆስፒታል ሳለሁ ለትልልቅ ሰዎች የሚታዘዝ ነበር።» ደም ያዘዋውራል የምትለዋን አደራ እንዳይረሷት፤ እናቴ ደሟ ሲዘዋወር ደስ ይላታል። ለታዲዮስም ኮል አድርገው ፕላስተሩን እንዲልጥ ይንገሩት። ለሌሎቹ እናቶች እናቴ ራሷ ታስተምርልዎታለች፤ እስከ ማታ ሁሉም ጋ ይደርሳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከፊት ወንበር ለመቀመጥ ሲጣሉ ይገላግላሉ።

ይህ አያዋርድዎም። ሥልጣንዎ አይነካም፤ እንዲያውም ይሰፋል፤ እስከዛሬ ነፋስን ከልክለው ነበር፣ ከዓርብ ጀምሮ ደግሞ ያዝዛሉ። ልጄ ከመድረኩ ላይ ሆና ወደ ወንበሮቹ ስትመለከት አያቷን እንድታይ፣ ከእርስዎ የሚጠበቀው እንደ ወትሮው የማያውቁትን በእርግጠኝነት መናገር ብቻ ነው። ከዚህ የቀለለ ውለታ ጠይቄዎ አላውቅም።

ማንኛውንም ቀዳዳ በንቃት ለሚጠብቁ ዓይኖችዎ፣ ፕላስተር ለማይለያቸው እጆችዎ፣ እናቴን በአንድ ቃል ፈገግ ለማሰኘትና በአንድ ቃል ለመቅበር እኩል ለተሰጠዎ አንደበት፣ ያለኝን አክብሮት ሁሉ አጎንብሼ እያቀረብኩ፣ ስልኬን ከእጄ ሳልለይ፣

የዓለምጌጥ ልጅ፣ የኤልዳና አባት፣
ባስልዮስ ወልደ ሥላሴ
ሳክሲ፣ ቴክሳስ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ማክሰኞ አዲሰን ውስጥ የትራፊክ መብራት ይዞን ከጎንዎ ቆሜ ነበር፤ አላዩኝም። በራስዎ መኪና ውስጥ ብቻዎን ነበሩ። አራቱም መስኮቶች እንደ መመሪያው ግጥም ብለው ተዘግተዋል። የከረባትዎ ጫፍ ግን ወደ ትከሻዎ እየተርገበገበ ነበር፤ እርስዎም ዓይንዎን ጨፍነው አገጭዎን ወደ ኤሲው ቀዳዳ ቀና አድርገው ነበር። እንደምን ያለ እፎይታ ነው ፊትዎ ላይ ያየሁት! ይህን ከዚህ ግሩፕ ውጪ ለማንም አልተናገርኩም። ዓርብ ማታ የእናቴ ስልክ ከጮኸ ይህ ደብዳቤ ይጠፋል፣ እኔም ምንም አላየሁም። ካልጮኸ ግን፣ ከግሩፑ አባላት ጮክ ብሎ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ቅዳሜ ጠዋት፣ ቫኑ ሳይመጣ፣ ቤታችን ይምጣልኝ። እኔ ባነብላት አታምነኝም።